የመንግሥት ደንና የእሑድ ሽርሽር

ከቤት ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር መዋል ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በንግሥ ቀን በደብሩ ቅጥር ከጥዱ ሥር ስንቁን ፈትቶ የማያርፍ ምእመን፣ ከገበያ ሲመለስ በዋርካ ጥላ ላቡን የማያደርቅ መንገደኛ የለም። አዲስ የሆነው ሌላ ነው። በዛሬው ጊዜ እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ደን የሚሄደው ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ወይም ጸሎት ሊያደርስ አይሄድም፤ የሚሄደው ለመናፈስ ብቻ ነው። ምግቡን በመኪና ጭኖ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ኳሱን ይዞ ይወጣል። ተማሪውም በአውቶቡስ ተሳፍሮ እየዘፈነ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚያርፍበት ደን ደግሞ የእገሌ ርስት የሚባል አይደለም፤ የመንግሥት ደን ነው።

«የመንግሥት ደን» የሚለው ቃል በቀላሉ ከአፍ ይወጣል እንጂ ሲያስቡት ከባድ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ይናገራል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ደኖችን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ በአራት ይከፍላቸዋል። እንግዲህ የመንግሥት ከተባለው ደን በር ላይ ቆሞ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው እንግዳ ነው ወይስ ባለቤት? ባለቤት ከሆነስ ከእርሱ ጋር ባለቤቶች የሆኑት ሌሎቹ፣ ማለት ከደኑ ጥግ የሚያርሰው ገበሬ፣ ጭራሮ ለቅማ ልጆቿን የምታሳድረው ሴት፣ ገና ያልተወለደውም ልጅ፣ ድርሻቸው የት ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ለፍልስፍና አይደለም። ከአንባቢዎቻችን መካከል ዛሬ በዩኒቨርሲቲ በትምህርት ላይ ያላችሁ፣ ወይም በቅርቡ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የተሰጣችሁ፣ አንድ ቀን «የዚህን ደን የመዝናኛ ፕላን አዘጋጅ» የሚል ደብዳቤ ሊደርሳችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ በሩ እዚህ፣ ምግብ ቤቱ እዚያ፣ የአስፋልቱ መንገድ በዚህ በኩል እያላችሁ መሣል ትጀምሩ ይሆናል። እኛ እንደሚመስለን ግን የደን መዝናኛ ፕላን መጀመሪያ የማይነካውን መከለል ነው፤ የሚሠራው ነገር የሚሣለው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካን አገር የሆነውን ነገር መጥቀስ ይጠቅማል። (ስለ አሜሪካ በምንናገርበት ሁሉ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1919 የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት አርተር ካርሃርት የሚባሉ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው የመናፈሻ ንድፍ ዐዋቂ በዴንቨር ከተማ ቀጠረ። በዚያ መሥሪያ ቤት በዚህ ሙያ በቋሚነት የተቀጠሩ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ስለ ግንድ፣ ስለ ግጦሽና ስለ ቃጠሎ እንጂ ስለ ሽርሽር ተምረው አያውቁምና «የውበት መሐንዲስ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

በዚያው ዓመት በሞቃቱ ወራት ሚስተር ካርሃርት በኮሎራዶ ግዛት፣ በዋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን ውስጥ ወዳለው ትራፐርስ ወደሚባለው ሐይቅ ተላኩ። የታዘዙት ነገር ቀላል ነበር። በሐይቁ ዙሪያ መንገድ እንዲቀይሱና ለመዝናኛ ቤት መሥሪያ የሚከራዩ ቦታዎችን ሸንሽነው እንዲያመለክቱ ነበር። ቅያሱን ጨርሰው ተመለሱ፤ ከካርታው ጋር ግን ያልተጠበቀ አሳብ አቀረቡ። የሐይቁ ዳር የሁሉም ስለ ሆነ ለጥቂት ባለቤቶች ሊከፋፈል አይገባውም፤ ቤቱም መንገዱም ከዳሩ ይራቅ አሉ። አንድ ወጣት ሠራተኛ የታዘዘውን ሠርቶ «ይህ ባይሠራ ይሻላል» ብሎ ሲያመለክት አለቃው ምን እንደሚለው ቢሮ የገባ ሁሉ ያውቃል። የካርሃርት አለቃ ግን አሳቡን ተቀበሉ። በ1920ም ሐይቁ ሳይሠራበት እንዲቆይ ተወሰነ። በ1919 መጨረሻ ካርሃርት በዴንቨር ያነጋገሯቸው አልዶ ሊዮፖልድ የሚባሉት የደን ሹም ባቀረቡት አሳብም በ1924 በኒው ሜክሲኮ የጊላ ደን መንገድና ቤት የማይገባበት ዱር ሆኖ ተከለለ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1964 ለእንደዚህ ያለው ዱር ራሱን የቻለ ሕግ ወጣለት።

ታሪኩን የሚያነሡት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ስለዚህም ካርሃርትን «አትንኩ» ባይ ብቻ አድርገው ይቈጥሯቸዋል። እኛን ይበልጥ የማረከን ግን ሌላው ሥራቸው ነው። በዚያው በኮሎራዶ ፑዌብሎ የምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ አለች። ከከተማይቱ ራቅ ብሎ የሳን ኢዛቤል ብሔራዊ ደን ይገኛል። ሕዝቡ በበዓሉ ቀን ወደዚያ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ የሚያርፍበት የተዘጋጀ ቦታ አልነበረውም፤ ምክር ቤቱም ለመዝናኛ ሥራ የሚሆን ገንዘብ አልፈቀደም። በዚህ ጊዜ የፑዌብሎ ሰዎች በ1919 ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ፤ ካርሃርትም ስኩዊረል ክሪክ በሚባለው ጅረት ሸለቆ የድንኳን ቦታውንና የምግብ ማብሰያውን ነደፉላቸው። በሐይቁ ዳር አንድ ቤት እንኳ አይቁም ያሉት ሰው፣ በሸለቆው ግን ይሠራ አሉ። ሁለቱን አሳብ አንድ የሚያደርገው ነገር አለ። ሐይቁ ሩቅና ምትክ የሌለው ነው፤ ሸለቆው ግን ለሠራተኛው ሰፈር የቀረበ ነው፤ ቢጎዳም ተመልሶ ሊለማ ይችላል። ፕላን ማለት ይህን ልዩነት ማወቅ ነው። (ካርሃርት ለዚህ ሥራ የሚመደበው ገንዘብ ማነሱ አሰልችቷቸው በ1922 መጨረሻ ሥራውን ለቀቁ፤ ይህም ለወጣት ሹማምንት እንግዳ ወሬ አይመስለንም።)

በዚህ ላይ ግን ሳንናገረው ብናልፍ ነውር የሚሆንብን ነገር አለ። ካርሃርት ባዶ ሆኖ ያገኙት የሐይቁ አካባቢ ባዶ ሆኖ የተፈጠረ አልነበረም። ዩት የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ሲያድኑበት የኖሩ ምድር ነበር። በ1879 ከመንግሥቱ ጋር ከተዋጉ በኋላ በ1881 ወደ ዩታ በግድ ተሰደዱ። ከዚያ አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀያሹ ደርሶ ባዶ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በካርታ ላይ «ባዶ መሬት» የሚል ቃል ስታዩ ማን ነበረበት ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ከሐይቁ ወደ ዛፉ ሥር እንመለስ። ሰው በደን ውስጥ ሲናፈስ ደኑን የሚጎዳው ቅርንጫፍ ሲሰብር ብቻ ይመስለናል። ነገሩ ግን ከእግራችን በታች ነው። ዶክተር ኤሚሊዮ ማይኔኬ የሚባሉ የዛፍ በሽታ መርማሪ በ1920ዎቹ በካሊፎርኒያ ሬድውድ የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ያሉበትን መናፈሻ እየተዘዋወሩ ተመለከቱ፤ በ1928ም ያገኙትን ጽፈው አቀረቡ። የደን አፈር እንደ እንጀራ ዐይናም ነው። በዐይኖቹ አየርና ውሃ ያልፋል፤ ሥሩም የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ሰው ደጋግሞ ሲረግጠው፣ ይልቁንም መኪና ሲወጣበት፣ ዐይኑ ይደፈናል፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ በላዩ ይፈስሳል። ሺህ ዓመት የቆመ ዛፍ ይህ ሲደርስበት ወዲያው አይወድቅም፤ ቀስ በቀስ ከሥሩ ይደክማል። ችግኙና ቍጥቋጦው ግን ወዲያው ይጠፋል። ሽርሽረኛው ደግሞ መሬቱ ራሰ በራ ሲሆንበት በሚቀጥለው ጊዜ አለፍ ብሎ ለምለሙን ይፈልጋል። እንዲህ እያለ ጉዳቱ ከዓመት ወደ ዓመት እንደ ከብት በረት ይዛወራል።

የማይኔኬ መድኃኒት ቅጣትም ማስታወቂያም አልነበረም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት አሳብ ይህ ነው፦ መኪናው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያስኬድ ጠባብ መንገድ ይግባ፤ ለእያንዳንዱ ሰፈርተኛ ከመንገዱ የምትወጣ አጭር ማቆሚያ ትዘጋጅለት፤ ከእርሷ እንዳያልፍ በትልልቅ ድንጋይና በግንድ ይከለል፤ ጠረጴዛውና ምድጃው እንዳይነቀሉ ሆነው ይተከሉ። ሰው ከመኪናው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ምድጃው ነው የሚመላለሰው። ሦስቱ ነገሮች ቦታቸውን ካወቁ እግሩም ቦታውን ያውቃል። የቀረው መሬት፣ በሰፈርተኞቹ መካከል ያለው ቍጥቋጦ ሳይቀር፣ ይተርፋል። ይህን አሠራር የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ተቀብለው ከ1933 ጀምሮ ሥራ አጥ ወጣቶችን ቀጥረው በየደኑ ሠሩበት። እነሆ ዛሬም የአሜሪካ የድንኳን ሰፈር የሚሠራው በአብዛኛው በዚህ መልክ ነው። አንድ የተተከለ ጠረጴዛ ከአሥር «ሣሩን አትርገጥ» ይበልጣል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትምህርት ሆነ። በ1960 የወጣው ሕግ ብሔራዊ ደኖች ለሕዝብ መናፈሻ፣ ለግጦሽ፣ ለእንጨት፣ ለውሃና ለዱር አራዊት አንድነት የሚያገለግሉ መሆናቸውን ደነገገ። በ1958 የተቋቋመ ኮሚሲዮን በ1962 ባቀረበው ሪፖርት ደግሞ ሕዝቡ አብዝቶ የሚወደው ቀላሉን ነገር፣ በመኪና መንሸራሸርን፣ በእግር መሄድንና ከሜዳ ላይ ምሳ መብላትን መሆኑ ታወቀ። ብዙ ገንዘብ የሚፈስስበትን መጫወቻ ለሚያልሙ ሰዎች ይህ ሪፖርት ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻም ሊቃውንቱ አንድን ደን ከከተማ መሰሉ ቦታ እስከ ፍጹሙ ዱር ድረስ በስድስት ደረጃ የሚከፍል አሠራር አወጡ፤ የደን መሥሪያ ቤቱም ተቀበለው። የዚህ አሠራር ቁም ነገሩ መላውን ደን አንድ ዓይነት እንዳያደርጉት ነው። ጸጥታ የሚፈልግ ሰውና ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው ሁለቱም ባለቤቶች ናቸውና፣ ለሁለቱም ቦታ ይኑር፤ ቦታው ግን አንድ አይሁን።

«እንግዲያስ ይህ ደን ስንት ሰው ይችላል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ጥያቄው ከከብት ግጦሽ የተወሰደ ነው፤ ስንት በሬ በስንት ሄክታር እንደሚባለው መሆኑ ነው። በ1964 አለን ዋጋር የሚባሉ ሊቅ በጻፉት ጥናት ቍጥር ብቻውን መልስ እንደማይሆን አመለከቱ፤ በ1985 የወጣውም አሠራር ጥያቄውን ለወጠው። ምን ያህል ለውጥ ቢደርስ እንታገሣለን? ተብሎ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ የተራቈተው መሬት በየዓመቱ እየተለካ ገደቡን ሲያልፍ እርምጃ ይወሰዳል። ይህን የምናነሣው ሌላም ነገር ስላረጋገጡ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች የሚያደርሱት ጉዳት ከኋላ ከሚመጡት ብዙዎች ጉዳት ይከፋል። ሣሩን የሚያጠፉት ፊተኞቹ ናቸው፤ ኋለኞቹ በጠፋው ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሕዝብ የሚበዛበት ቦታ ሕዝቡን በአንድ ሥፍራ መሰብሰብ እንጂ «ይበተን፣ ይቅለል» ማለት ደኑን በሙሉ ማስረገጥ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አገራችን ስንመጣ በመጀመሪያ የምናስበው የመናገሻ ሱባን ደን ነው። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይተረካል። ከታች ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ጫፍ ሲቃረቡ ደግሞ አስታው አለ። ጕሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል። ዛሬ የሚጠብቀው የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው። እግረኛ የሚናፈስበት መንገድም አለው።

በእንደዚህ ያለ ደን ፕላን አውጣ የተባለ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ክረምቱን ማሰብ አለበት እንላለን። የአሜሪካ መጻሕፍት ስለ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃችን አይናገሩም። አቋራጭ መንገድ ምን እንደሚሆን ግን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ዳገቱን ቀጥ ብሎ የወጣ መንገድ በመጀመሪያው ክረምት ፈፋ ይሆናል፤ በሁለተኛው ገደል ይሆናል፤ ሕዝቡም ከጎኑ ሌላ ያወጣለታል። የመንገድ ዐዋቂዎች የሚሉት መመሪያ ለማስታወስ ቀላል ነው። የመንገዱ ዳገትነት ከተራራው ጎን ዳገትነት ከግማሹ መብለጥ የለበትም። ተራራው በመቶ ሜትር ሃያ ሜትር የሚወጣ ከሆነ መንገዱ በመቶ ሜትር ከአሥር አይበልጥ፤ ያን ጊዜ ውሃው መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል እንጂ መንገዱን መንገድ አያደርገውም። እንደዚህ ያለው መንገድ ይዞራል፤ የሚዞር መንገድ ደግሞ ችኩል ሰው አይወድም። ነገር ግን ለሽርሽር የወጣ ሰው ወዴት ይቸኩላል?

ሁለተኛው እሳት ነው። ያለ ጥብስና ያለ ቡና ሽርሽር አይባልም፤ ይህን ልንከለክል የምንሞክር ሞኞች አይደለንም። ይሁን እንጂ በየካቲትና በመጋቢት የጥድ ደን ደርቆ ሳለ በየዛፉ ሥር ሦስት ጕልቻ ማቆም ደኑን በክብሪት ማስያዝ ነው። የማይኔኬ የተተከለ ምድጃ እዚህ ላይ ከአገሩ ይልቅ ለእኛ የተፈጠረ ይመስላል። ከደኑ አፍ፣ መኪና ሊደርስበት በሚችል በተራቈተ መሬት ላይ፣ በድንጋይ የተሠሩ ምድጃዎች፣ ውሃ፣ መጸዳጃና ጥላ ይዘጋጁ፤ ከዚያ ወዲያ እሳት አይለፍ። አብዛኛው ሽርሽረኛ ከመኪናው ብዙ ርቆ እንደማይሄድ ማንም አይቶ የሚፈርደው ነው። እርሱን በደኑ አፍ ደስ ካሰኙት የደኑ ልብ ለጕሬዛውና በእግሩ ለሚደክመው ተማሪ ይቀራል። መጸዳጃውን በፕላኑ መጨረሻ የሚያስብ ሰው ግን ፕላን አላወጣም፤ ከምንጩ በላይ ይሁን ከምንጩ በታች የሚለውን ተራራው ሥር ያለው መንደር ይጠይቀዋልና።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የሁሉም ባለቤትነት የሚፈተነው። በአሜሪካ በ2004 የወጣው ሕግ የደን መሥሪያ ቤቱ ሰው በደኑ ውስጥ በእግሩ ስላለፈ ብቻ እንዳያስከፍለው ይከለክላል። መደበኛውን የመዝናኛ ቦታ ክፍያ ሊጠይቅ የሚችለው የመኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ ጠረጴዛ፣ ገላጭ ጽሑፍና ጥበቃ በተሟሉበት ቦታ ነው። ያልሠራህበትን አታስከፍልበት ማለት ነው። ይህ ሕግ በዚያም አገር ክርክር አላጣውም፤ አሳቡ ግን ለእኛ በር ጠባቂዎች ሁሉ ቢነገር እንወዳለን።

እንጦጦን ሳንጠቅስ ይህን ጽሑፍ ብንዘጋ አንባቢ ይታዘበናል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ በተጨነቀች ጊዜ ከመጣው ዘር የወረደ ነው። ማለት ለምድጃ ተብሎ የተተከለ ደን ነው። በትውልድ ላይ ትውልድ ሴቶች ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው እያዘሉ ቍልቍለቱን ወርደው ከተማይቱን አሞቁ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ፣ የፈረስ ግልቢያና ምግብ ቤት አለው፤ ሕዝቡም እየሄደ ይደሰትበታል፤ እኛም እንደሰትበታለን። ለማገዶ የተተከለ ደን ለመናፈሻ ሲዞር ግን ማገዶ ተሸካሚዋ የምትሄድበት ቦታ በዚያው ፕላን ውስጥ፣ በዚያው ካርታ ላይ መሣል አለበት። በሌላ መሥሪያ ቤት በሌላ ደብዳቤ ይታሰብበታል የሚባል ጉዳይ አይደለም። የወደቀው ቅርንጫፍ በተወሰነ ቀን የሚለቀምበት ክልል፣ ችግኝ ጣቢያውና የመንገድ ጥገናው ቀጥሮ የሚያሠራው ሰው፣ በደኑ አፍ ቡናና ቆሎ የሚሸጥበት ዳስ፣ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ በስም ተራ ይጻፍ። የእሷን መንገድ ደግሞ ቀያሹ ተከትሎ ቢወርድ ይጠቀማል። ሸክም የያዘ ሰው እግሩ የማይንሸራተትበትን ጎን ያውቃል።

ደብዳቤው የደረሰው ወጣት ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ደብተር ይግዛ እንላለን። በደኑ በር ላይ ተቀምጦ በጾምም በፍስክም፣ በክረምትም በበጋም ይቍጠር። ስንት ሰው በእግሩ መጣ? ስንት በመኪና? ከመኪናው ምን ያህል ራቀ? ምን ይዞ ገባ፣ ምንስ ጥሎ ወጣ? እሑድ ብቻ ቈጥሮ ግን አይመለስ። ማክሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት እንደ ገና ይምጣ፤ ማክሰኞ የሚመጡት ኳስ ይዘው አይደለምና።